ቀስት ብቻ ያለበት ካርታ፦ ቡሬን በጨርቅ ላይ ስንዘረጋ

ሰሞኑን ስልኩን የሚከፍት ሰው ካርታ ሳያይ አይውልም። አንዱ ወገን በቀይ፣ ሌላው በሰማያዊ ይቀባል። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው ወፍራም ቀስት ይወረወራል፤ ከሥሩም «እዚህ ደርሰዋል፣ ከዚህ ለቀዋል» የሚል ጽሑፍ ይከተላል። እኛም በሁለት ጣት አስፍተን እናያለን፣ ለወዳጅ እናጋራለን፣ ወደሚቀጥለው እናልፋለን። በዚያ ካርታ ላይ ወንዝ የለም። አውድማ የለም። የሚታረስ መሬት የለም። ሰውም የለም። ቡሬ ነጥብ ናት፤ ፍኖተ ሰላምም ነጥብ ናት፤ በመካከላቸው ያለው አገር ባዶ ነው።

ይህን የማየት ልማድ ለማረም የሚረዳ አንድ የእጅ ሥራ አለ። ዋጋው ጥቂት ሜትር አቡጀዲድ፣ ትንሽ ኮላና ቀለም ነው። የ1933ቱን የቡሬ ዘመቻ መሬት በጨርቅ ላይ ሠርቶ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ማለቴ ነው። ለብዙዎቻችሁ እንግዳ ነገር እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ከሥሩ እንጀምር።

1. ጨዋታው ምንድን ነው?

በአውሮፓና በአሜሪካ ትንንሽ የወታደር ምስሎችን ጠረጴዛ ላይ አሰልፎ ያለፈ ጦርነትን መልሶ መጫወት የብዙ ሰው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ምስሎቹ የአንድ ጣት ቁመት እንኳ የላቸውም። ጉዞው በሜትር ይለካል፤ የተኩሱ ውጤት በዳይስ ይወሰናል። ሕጉ ግን ቀልድ አይደለም፦ ፈረሰኛ በረግረግ ውስጥ አይሮጥም፣ መድፍ ከኮረብታ ጀርባ አያይም፣ ወንዝ የሚሻገር ጦር ይዘገያል።

መነሻውም የልጅ ጨዋታ አልነበረም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1812 ባሮን ፎን ራይስቪትስ የተባለ ሰው፣ እየተገጣጠመ ልዩ ልዩ መሬት የሚሆን የጦርነት ጠረጴዛ ለፕሩሲያው ንጉሥ አበረከተ። በ1824 የመድፈኛ መኮንን የነበረው ልጁ ጨዋታውን ከጠረጴዛው አውርዶ በእውነተኛ የመሬት ካርታ ላይ አደረገው፤ የፕሩሲያ ጦርም ለመኮንኖቹ ማሠልጠኛ ወሰደው። በ1913 ደግሞ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ «ትንንሽ ጦርነቶች» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ጨዋታውን ወደ ተራው ሰው ቤት አስገባው። ዌልስ ጦርነት ወዳድ አልነበረም። ይህን ጨዋታ ጥቂት ጊዜ የሞከረ ሰው እውነተኛው ጦርነት ምን ያህል የተዝረከረከ ነገር እንደሆነ ይገባዋል ባይ ነበር። መጽሐፉ በወጣ በዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ የሰማው ሰው ጥቂት ነበር።

ከዚህ ጨዋታ ግማሹ ሥራ መሬቱን መሥራት ነው። ብዙዎች በቤታቸው ጨርቅ ዘርግተው፣ ቀለምና አሸዋ ቀብተው፣ ኮረብታና ወንዝ አውጥተው ይጫወታሉ፤ ሲጨርሱም እንደ ምንጣፍ ጠቅልለው ያስቀምጡታል።

2. ጦርነት በጨርቅ ላይ ለእኛ አዲስ አይደለም

ዛሬ የቁጥር ዝርዝር የምናሰፍርበትን «ሰንጠረዥ» እንለዋለን። ቃሉ ግን የጨዋታ ስም ነው። የአገራችን ሰንጠረዥ፣ የቼዝ ዘመድ፣ በመኳንንት ግቢ ለዘመናት ሲጫወቱት የኖረ ነው። አፄ ልብነ ድንግል በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ከአንድ ቬኒሳዊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ የደረሰው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሳልትም በራስ ወልደ ሥላሴ ዘንድ ጨዋታውን አይቷል።

ሰንጠረዥ የሚጫወቱት ብዙውን ጊዜ በጨርቅ ላይ ነበር፦ ጥቁር ወይም ሰማያዊ መስመር የተሰመረበት ቀይ ጨርቅ። እንደ ዛሬው ቼዝ ጥቁርና ነጭ ቤት አልነበረውም። ከሁሉ የሚገርመው አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ አይጠብቁም፤ የመጀመሪያው ምርኮ እስኪወሰድ ድረስ ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ እጅ ለእጅ እየተሻሙ፣ ጦራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የዚህ ክፍል ስም «ወረራ» ነው። ተራ በተራ የሚደረግ ጦርነት እንደሌለ የጨዋታው ባለቤቶች ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የጦርነት ጨርቃችን የዓድዋ ሥዕል ነው። በሸራ ላይ ተሥሎ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ፤ በአንድ ወገን ንጉሠ ነገሥቱ፣ እቴጌዪቱና መኳንንቱ፤ በሌላው ወገን ጠላት በጎን ፊቱ ተሥሎ ይታያል። ሥዕሉ የእምነትና የክብር ሥዕል ነው፤ በዚህ አይወቀስም። ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት፦ የእግር ማሳረፊያ መሬት እንኳ እምብዛም የለበትም። የዓድዋ ተራሮች የጦርነቱን ውጤት ከወሰኑት ነገሮች አንዱ ሆነው ሳለ፣ በሸራው ላይ ቦታቸውን ሰው ሞልቶታል።

የጦርነት ታሪካችንንም በጽሑፍ ስንተርክ ያው ነው። ስም እንቆጥራለን፣ ማዕረግ እንቆጥራለን፣ የሞተና የተማረከ እንቆጥራለን። መሬቱን ግን እንረሳለን። መሬቱ ሲረሳ ደግሞ መሬቱ ላይ የሚኖረው ሰው አብሮ ይረሳል።

3. የካቲት 1933፣ ከቡሬ እስከ ደምበጫ

አፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ድንበር ተሻግረው ገቡ። አብሯቸው የነበረው በኦርድ ዊንጌት የሚመራ፣ ጌዴዎን ጦር የተባለ ትንሽ ኃይል ነው። ዋናዎቹ ክፍሎቹ የሱዳን ድንበር ጠባቂ ሻለቃና ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ነበሩ። ስንቅና ጥይቱ በግመል ተጭኖ ከሱዳን ቆላ ወደ ጎጃም ደጋ ወጣ፤ ከግመሎቹም አብዛኞቹ በመንገድ አለቁ። የቆላ እንስሳ ነውና የደጋው ብርድና ዳገት አልቻለም።

ጎጃም ውስጥ ግን ጦርነቱ በዚያ ጥር አልተጀመረም። እንደ ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬና ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህ ያሉ አርበኞች በምዕራብ፣ በላይ ዘለቀም በብቸና በኩል፣ ለዓመታት ጣሊያንን ዕረፍት ነስተውት ነበር። የእንግሊዙ ሳንፎርድም ቀደም ብሎ በ1932 ክረምት ገብቶ ከአርበኞቹ ጋር ይሠራ ነበር።

ጣሊያን በዋናው መንገድ ላይ ምሽጎቹን አሰልፏል፦ እንጅባራ፣ ቡሬ፣ ማንኩሳ፣ ደምበጫ፣ ደብረ ማርቆስ። ማንኩሳን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያነበበ ሁሉ ያውቃታል። ቡሬን የያዘው ኮሎኔል ናታሌ ነበር። በእጁ ብዙ ሺህ ሰው፣ መድፍና የአየር ድጋፍ አለው። ከፊቱ የቆመው መደበኛ ጦር በጥቂት መቶዎች የሚቆጠር ነው።

ከየካቲት 20 ጀምሮ በቡሬ ዙሪያ የሆነው ነገር በቀስት አይሣልም። ትንንሽ ቡድኖች በሌሊት አንዱን ምሽግ ተኩሰው ይሰወራሉ፤ ነገ በሌላ አቅጣጫ ይመጣሉ። አርበኞች መንገዱን ይቆርጣሉ። የስብከት ክፍሉ በጣሊያን ሥር ያለውን የአገሩን ሰው እንዲከዳ ይጣራል። ናታሌ ከፊቱ ትልቅ ጦር ያለ መሰለው። የካቲት 25 ቡሬን ለቆ በዋናው መንገድ ወደ ደምበጫ ወጣ። ዊንጌት አስቀድሞ ወደፊት የላከው ሁለተኛው የኢትዮጵያ ሻለቃ ደምበጫ አቅራቢያ አንድ ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። የካቲት 27 ያ ሁሉ የሚያፈገፍግ ጦር በሰፈሩ ላይ መጣበት። በቁጥር በብዙ እጥፍ ከሚበልጠው ኃይል ጋር ፊት ለፊት ተዋጋ፤ ብዙ ሰውም ሞተበት፣ ቆሰለበት። ናታሌ አልፎ ሄደ፤ ግን ደምበጫም አልቆየም።

መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ሚያዝያ 27 አዲስ አበባ። ይህን የመጨረሻውን ቀን በየዓመቱ እናከብራለን፤ የየካቲቱን ሳምንት ግን ከአካባቢው ሰው ውጭ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው።

4. ጨርቁን እንሥራው

ይህን ሳምንት ለተማሪ ለማስረዳት ከመጽሐፍ ይልቅ ጨርቅ ይሻላል። አሠራሩም እንዲህ ነው።

▪️ ጨርቁ፦ ወፍራም ሸራ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልተገኘ አቡጀዲድ እጥፍ ተደርጎ ይሰፋል። ርዝመቱ 1.80 ሜትር፣ ወርዱ 1.20 ሜትር ቢሆን ለትምህርት ቤት ጠረጴዛ ይበቃል። አስቀድሞ ይታጠብና ይድረቅ፤ ያልታጠበ ጨርቅ እርጥብ ቀለም ሲነካው ይሸበሸባል። ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ተወጥሮ ዳር ዳሩ በሚስማር ወይም በድንጋይ ይያዝ።

▪️ ልስኑ፦ በወንፊት የተነፋ ደቃቅ አሸዋ፣ ከእንጨት ቤት የሚገኝ ሰጋቱራ፣ የእንጨት ኮላና የግድግዳ ውሃ ቀለም ይቀላቀላሉ። በስሱ ይቀባ፤ ሲደርቅ ይደገም። አንዴ አወፍራለሁ ያለ ሰው ጨርቁን ሲጠቀልል ይሰነጠቅበታል። ሲጠቀለልም ቀለም የተቀባው ፊት ወደ ውጭ ይሁን።

▪️ ኮረብታው፦ ጨርቁ ላይ አይለጠፍም። መጽሐፍ፣ የተጣጠፈ ብርድ ልብስ ወይም ጭድ የሞላ ከረጢት ከጨርቁ ሥር ይገባል። እንዲህ ሲሆን ያው ጨርቅ ዛሬ ቡሬ፣ ነገ ሌላ አገር ይሆናል።

▪️ ስፋቱ፦ ከቡሬ እስከ ደምበጫ ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ያን በ1.80 ሜትር ላይ ስታሰፍሩት አንድ ሳንቲ ሜትር ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል። አንድ ቀን ሙሉ በእግር የሚያስኬደው መንገድ ጨርቁ ላይ ምን ያህል እንደሚያጥር ያኔ ይታያል። የኮረብታው ቁመት በዚሁ ልክ ከተሠራ እዚህ ግባ የሚባል አይሆንም፤ ስለዚህ ቁመቱን አጋንናችሁ ሥሩ፤ ማጋነናችሁንም ለልጆቹ ንገሯቸው።

አሁን ቀለሙ ላይ ደረስን። በውጭ አገር የሚሠሩት እንዲህ ያሉ ጨርቆች አብዛኞቹ አረንጓዴ ናቸው፤ የአውሮፓ ሜዳ ናቸውና። የእኛ ልጅ ዝም ብሎ ቢኮርጅ ቡሬን አረንጓዴ ይቀባታል። የካቲት ግን አረንጓዴ አይደለም። የካቲት ላይ ያ አገር ጭድ መልክ ነው፦ ጤፉ ታጭዷል፣ ዳጉሳው ተወቅቷል፣ ማሳው ገለባ ነው፣ መንገዱ አቧራ ነው። አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው የወንዝ ዳርና የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዛሬ በየቦታው የምናየውን ባሕር ዛፍም በ1933ቱ ጨርቅ ላይ አትደርድሩት።

ቀለሙ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ታሪኩ ራሱ በቀለሙ ውስጥ አለ። ዘመቻው በየካቲት የሆነው መሬቱ ደረቅ፣ ወንዙ የሚሻገሩት ስለሆነ ነው። በሐምሌ ቢሆን ኖሮ ግመሉም መኪናውም በጭቃ ተይዞ ይቀር ነበር። ሌላም ነገር አለ፦ የካቲት እህል ከማሳ ተነሥቶ ጎተራ የገባበት ወር ነው። ለገበሬው የዓመቱ ሁሉ ልፋት በአንድ ቦታ የተከማቸበት፣ ለሚያልፍ ጦር ሁሉ ደግሞ ስንቅ የሚገኝበት ወር ነው። እሳት ቢነሣም የሚቃጠለው ያው ነው።

ወንዞቹን ስትሥሉ ሌላ ነገር ይገለጣል። ላህ፣ ብር፣ ተምጫ፣ ሌሎችም ከሰሜን ደጋ ተነሥተው በስተደቡብ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። መንገዱ ግን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ያቋርጣቸዋል። ስለዚህ በዚያ መንገድ የሚሸሽም የሚያሳድድም ጦር በየጥቂቱ ወንዝ ይገጥመዋል። የየካቲት 27ቱ ግጥሚያ ወንዝ ዳር መሆኑ አያስደንቅም። ይህን በመጽሐፍ አሥር ጊዜ አንብቦ የማይገባው ልጅ ሰማያዊውን መስመር በገዛ እጁ ሲስብ ይገባዋል።

5. ጠረጴዛው የሚደብቀው ነገር

ጨርቁ ግን አንድ ትልቅ ውሸት አለው። ሁሉም ነገር ከላይ ይታያል። ናታሌን የሚጫወተው ተማሪ ከፊቱ ያሉትን ጥቂት መቶ ሰዎች ቆጥሮ «ለምን እለቃለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው። ናታሌ እንደ እሱ ቢያይ ኖሮ ላይለቅ ይችል ነበር። ቡሬን ያስለቀቀው ጥይት ብቻ ሳይሆን አለማወቅም ነበር።

ፕሩሲያውያን ይህን ችግር በዳኛ ፈቱት። ሁለቱ ወገኖች ሁሉን አያዩም፤ ሁሉን የሚያየው ዳኛው ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ምን እንዳየና ምን እንደሰማ የሚነግረው እሱ ነው።

በጎጃም ያ ዳኛ ማን ነበር? ገበሬው ነበር። ጦሩ በየት እንዳለፈ፣ ስንት እንደሆነ፣ የት ውኃ እንዳለ፣ የትኛው መልካ እንደሚያሻግር የሚያውቀው እረኛውና ባለማሳው ነው። ለአርበኛው ነገረው፤ ከጣሊያን ደበቀው። አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያደርግ የከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም፦ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ከብቱ ተነድቷል፣ መንደሩ ከአየር ተደብድቧል።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ሌላውንም እንናገር። በጣሊያን ወገን የተሰለፈውም ብዙው ነጭ አልነበረም። የኤርትራ አስካሪ ነበረበት፤ ከአገሩ ከጎጃም የተመለመለም ነበረበት። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ማርቆስ ላይ በጣሊያን በኩል ነበሩ። በዚያ መንገድ የተታኮሰው ሰው አንዳንዱ የአንድ ደብር ልጅ ነበር። ቀይና ሰማያዊ ቀለም ይህን ሊያሳይ አይችልም።

6. ከላይ የሚሣል መሬት

የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሲለካና ሲሣል የሚጠራጠረው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ በሞጣ፣ በብቸናና በዳሞት ገበሬው የተነሣው፣ ግብሩን ብቻ ሳይሆን መለካቱንም ፈርቶ ነው። መሬቴ ተለክቶ ወረቀት ላይ ከሰፈረ ርስቴ ይሄዳል ብሎ ነው። መንግሥት ኃይል ልኮ ሞከረ፤ በመጨረሻ ግን አገረ ገዥውን አነሣ፣ ውዝፉንም ግብር ተወ። የገበሬው ፍርሃት ሁሉ ትክክል ነበር አልልም። ነገር ግን አገሩን ከላይ የሚያየው ሰው በበጎ መጥቶ የማያውቅ ከሆነ፣ ካርታ የያዘን ሰው መጠርጠር ዕውቀት ነው።

ዛሬስ? ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰ የአየር ጥቃት ከ20 በላይ ሰዎች መሞታቸው ተዘግቧል። በዚያ ቀን የወጡት ካርታዎች ላይ ፍኖተ ሰላም ያው ነጥብ ነበረች። ስሟ የሰላም መንገድ ማለት ነው።

«ሰው እየሞተ ጦርነት በጨርቅ ላይ መጫወት ነውር አይደለም ወይ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሴ ይህ ነው፦ ጦርነቱን በቀስት እያየን እንደ ኳስ ጨዋታ መደገፋችን ነው የሚበልጠው ነውር። ቀስት ለመሣል ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ጨርቁን ለመሥራት ግን ሳምንት ያስፈልጋል፤ በዚያ ሳምንት ውስጥ ሠሪው ወንዙን፣ ማሳውን፣ አውድማውን፣ ደብሩን አንድ በአንድ ማስፈር አለበት። ወታደሩን የሚያስቀምጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ያኔ በማን ማሳ ላይ እንዳቆመው ያውቃል።

ይህን ለመሞከር ለሚፈልግ የታሪክ መምህር አንድ ሕግ ልጨምር፤ በውጭ አገር ሕጎች ውስጥ አልተለመደም። በየመንደሩ የሽምብራ ፍሬ አስቀምጡ፤ እያንዳንዷ ፍሬ አንድ ጎተራ ናት። የማንም ወገን ጦር አንድ ቀን ባደረበት መንደር አንድ ፍሬ ይነሣ። ውጊያ በተደረገበት ሁለት ይነሣ። የአገሩ አርበኛም ቢሆን፣ የንጉሡ ጦርም ቢሆን፣ ጣሊያንም ቢሆን ሕጉ አንድ ነው፤ ሁሉም ይበላል።

ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ማን እንዳሸነፈ መጠየቃቸው አይቀርም። ንገሯቸው፤ በ1933 ያሸነፈው ወገን ማሸነፍ የነበረበት ነው፤ በዚህ አንከራከርም። ቀጥላችሁ ግን የቀረውን ሽምብራ አስቆጥሯቸው። ከየካቲት እስከሚቀጥለው አዝመራ ስንት ወር እንዳለም አብረው ይቁጠሩ።